የጋን ኑዛዜ

ጠጋ በሉ እስቲ ልጆቼ። ነሐሴ ነው፤ ጉሙ ደጅ መቆም ሰልችቶት ከእኛ ጋር እሳት መሞቅ ያምረዋልና በሩን ገርበብ አድርጉት። አንቺም ጣሳሽን ይዘሽ ነይ፤ ከስሩ አተላ አየሁበት ብለሽ ፊትሽን አታጨማድጂ፣ የዛሬው ወሬዬም ስለሱው ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ስትወርዱ የሁለት አሮጌ ቤቶች መሠረት ይታያል፤ በመካከላቸው ሣር የለበሰች ጉብታ አለች፣ አናቷ ላይ የተሰነጠቀ ጋን አፉን መሬት ላይ ደፍቶ ተቀምጦባታል። ድፍርስ ይሏታል። አላፊ መንገደኛ የጥንት ጀግና መቃብር እየመሰለው ቆም ብሎ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ እንዳያፍር ብለን ዝም እንለዋለን እንጂ እዚያ የተቀበረው አተላ ነው።

አገራችን ደግሞ ሌላ ዘንድ የሌለ ወግ አለው። ድግስ ደርሶ ጋን ሊከፈት ሲል ጠማቂዋ ጓዳው በር ላይ ትቆምና «እጁን ያገባ ይናገር!» ትላለች። ያን ጊዜ የቤቱ ሰውም ጎረቤቱም ተራ በተራ ይናዘዛል። አንዱ «አንድ ቅል ጠጥቼ በውሃ ተክቻለሁ» ይላል፤ አንዷ «ብቅሉ ያነሰ መስሎኝ ጨመር አድርጌበታለሁ» ትላለች፤ አማቹ ይነሣና «መክደኛውን ከፍቼ አሽትቻለሁ፣ ከዚያ ያለፈ የለብኝም» ብሎ ይምላል፣ ማንም አያምነውም። ሁሉም ተናግሮ ሳይጨርስ ጠብታ አይቀዳም። የእርቅ ጠላ ከሆነማ ጭራሽ አይጠለልም፣ ከነአተላው ተበጥብጦ ነው የሚቀርበው። ይህ ሁሉ የመጣው ከአንዲት ሴት ጋን ነው ይባላል።

ሴትዮዋ ትዋቡ ትባላለች። አንቱ የማልላት የእኛው ቤት ሰው ስለሆነች ነው፤ የአያቴ ቅድመ አያት ትሆናለች መሰለኝ፣ በዘር ቆጠራው አትያዙኝ። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቶባት በጠመቃ ነበር ልጆቿን ያሳደገች፤ ሽማግሎች ሲያወሩ ጠላዋ ከመጥራቱ የተነሣ ጠጪው ገና ሳይቀምስ ጣባው ስር ያለችውን ጭረት ያይ ነበር ይላሉ። በኩራቷ ደግሞ የባሰች ነበረች፤ ስትጠምቅ ወንድ ጓዳ ዝር እንዳይል፣ ሴትም ብትሆን ጋኑን በእጇ እንዳትነካ ታዝ ነበር።

ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯት፤ ታላቁ ቢተው፣ ታናሹ አንለይ። አንዱ ከእናቱ ቤት በቀኝ፣ አንዱ በግራ ጎጆ ወጥተው ሲኖሩ፣ አንድ ዓመት አደይ በፈነዳበት ሰሞን የቢተው ንቦች ከቀፏቸው ነቅለው ወጡና ሲዞሩ ሲዞሩ ቆይተው ከአንለይ ቀፎ ገቡ። ቢተው «ንቦቼን መልስ» አለ። አንለይም «ና ጥራቸው፣ ስማቸውን ታውቅ እንደሆን» አለ። በዚህች ቃል ወንድማማቾቹ ተኳረፉ፤ ኩርፊያውም ክረምት ወጥቶ ክረምት ቢገባ የማይለቅ ሆነ።

እሑድ እሑድ እናታቸው ቤት ለምሳ መምጣቱን ግን አልተዉም። ቢተው ይቀመጥና «እማማ፣ ለዚያ ሰውዬ እግሩን ሰብሰብ ያድርግ በይልኝ» ይላል። አንለይ ይሰማና «እማማ፣ እግሬን የዘረጋሁት በአባቴ ቤት ነው በይልኝ» ይላል። ትዋቡ በመጨረሻ መረራትና «ለውሻዋ ንገሯት፤ እኔ ደክሞኛል!» አለቻቸው። እነሱም እውነት መስሏቸው ለውሻዋ ይናገሩ ጀመር። ምስኪኗ ውሻ አንዱ ሲናገር ወደ አንዱ፣ ሌላው ሲመልስ ወደ ሌላው ስታይ አንገቷ ተጣሞ ቀረ ይባላል።

ሳቁ እንጂ፣ ትዋቡስ አልሳቀችም። አንለይ ቆርጦ ነበር። ሚስቱ የሻረግ የቆላ ሰው ናት፤ «እርቁ ዘንድሮ ካልሆነ ልጆቼን ይዤ ከሚስቴ ወገኖች ዘንድ ቆላ እወርዳለሁ፣ ከእንግዲህ ከዚያ ሰውዬ ጋር አንድ ጭስ አላይም» አለ። ትንሿ ልጁ ደግሞ ከአያቷ ጀርባ ተለጥፋ ካልሆነ የማትተኛ ነበረች፤ ትዋቡ ይህን በሰማች ቀን ሌሊቱን ሙሉ የልጅቱን እግር በእጇ ይዛ አደረች ይላሉ።

ሽማግሎች ተለመኑና እርቁ ለመስቀል ማግስት ተቆረጠ። በዚያ ዘመን የእርቅ ጠላ ሕግ ነበረው። የሽማግሎቹ አለቃ በጣባ የተቀዳ ጠላ ውስጥ አንዲት የስንዴ ፍሬ ይጥላል፤ ፍሬዋ ከስር ተኝታ ከታየች አተላውም ዘቅጧል፣ ጠቡም ዘቅጧል ማለት ነው፣ ይታረቃሉ። ካልታየች ግን ጠቡ ገና እየፈላ ነውና ለከርሞ ይቆይ ይባላል። አለቃው አያ ደምለው የሚባሉ ጢማቸው ደረታቸውን የሸፈነ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሕግ ሲናገሩ ዝንብ እንኳ አይጮህም፣ ጠላ ሲያዩ ግን ሕጉም ጢሙም ይረሳቸው ነበር።

ጠላውን የምትጠምቀው ትዋቡ ነች፤ ሌላ ማን ሊሆን! ችግሩ ታዲያ ምን መሰላችሁ፣ በዚያው ክረምት ከባድ ጉንፋን ይዟት ሲለቃት አፍንጫዋንና ምላሷን ይዞባት ሄዷል። ጌሾና ጎመን አይለይላትም። ለሰው አልተናገረችም። ለአንደኛዋ ምራት ብትነግር ሌላኛዋ ትቀየማለች፤ የቢተው ሚስት ይታክቱና የአንለይ ሚስት የሻረግ በባሎቻቸው ሰበብ እንደ ድመትና ድመት ይተያዩ ነበርና። ለሁለቱም ብትነግር አገር ይሰማል። «እጄ ያውቀዋል» ብላ ጀመረች።

ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ አጠበችና በወይራ ጭስ አጠነችው። አጎንብሳ አሸተተች፤ ምንም የለም። «አልያዘውም» ብላ እንደገና አጠነች። አሁንም ምንም። ሌላ ወይራ ጨመረች። ጭሱ የሣር ክዳኑን አልፎ ሲወጣ ጎረቤት እንስራ ውሃ ተሸክሞ እየሮጠ መጣ።

«ምነው ትዋቡ፣ ምን ነካሽ?»

«ጋን እያጠንኩ ነዋ!»

«ጋኑን ነው ወይስ መንደሩን?»

«አንተ ከመቼ ወዲህ ጠማቂ ሆንክ?» ብላ አባረረችው። ከዚያ ጌሾውን ጠነሰሰች፣ ብቅሉን ጨመረች፣ እንኩሮውን አብስላ ደፈደፈች፣ ውሃውን ሞላች፣ አፉን በጭቃ መርጋ «እመቤቴ፣ አንቺ አጥሪው» አለችና ወጣች።

ከዚያ በኋላ ግን ጋኑ ጠባዩ ተለወጠባት። በየቀኑ ስታየው አፉ ላይ ያለው ጭቃ እርጥብ ነው። «የመስከረም እርጥበት ነው» አለች። ጆሮዋን ስታስጠጋ ጠላው መተኛት ሲገባው ውስጥ ለውስጥ ያጉረመርማል፤ አንድ ቀን ይረጋና በማግስቱ እንደ አዲስ ይንጫጫል። ይህን ሁሉ ዓመት ስትጠምቅ እንዲህ ያለ ጋን አይታ አታውቅም። ምራቶቿም ሁኔታቸው ግራ ሆነባት። የሻረግን ጠርታ «እስቲ…» ስትላት፣ ምራቷ ገና ምን እንደሆነ ሳትሰማ «ኧረ ሽታው ሸጋ ነው እማማ!» አለች፣ ጣቷንም ወደ አፏ ከተተች። ይታክቱን «እስቲ…» ስትላት፣ «መቼም እንደ እርስዎ ጠላ የት አለ!» ብላ አረንጓዴ የሆነ እጇን ከቀሚሷ ስር ደበቀች። ልጆቿም ቢሆኑ፣ እሑድ መጥተው ሲቀመጡ የሁለቱም ዱላ እስከ ወገቡ እርጥብ ነበረ። «ወንዝ ተሻግረው ይሆናል» አለች ትዋቡ። በዚያ በኩል ወንዝ የለም፤ ጭንቀት ግን ወንዝ ይፈጥራል መሰለኝ።

የመስቀል ማግስት ደረሰና አገሩ ሁሉ ደጇ ላይ ተሰበሰበ። ወንድማማቾቹ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ፤ ውሻዋም እንደ ሥራዋ መሃል ሆነች። አንለይ አህያዋን ከነጭነቷ አጥሩ ስር አስሯታል። ትዋቡ ጓዳ ገብታ ወደ ጋኑ እጇን ብትዘረጋ፣ ገና ሳትነካው ጭቃው በራሱ ቷ ብሎ ተነሥቶ ጣራው ላይ ተለጠፈ።

አጠለለችው። እንደገና አጠለለችው። የወጣው ሐምሌ ላይ ከገደል የሚወርደውን ጎርፍ የመሰለ ነገር ነው። በጣባ ቀድታ ይዛ ወጣች።

አያ ደምለው ተነሥተው ስንዴዋን ጣሉ። ስንዴዋ አልሰመጠችም። አረፋው ላይ እንደ ሙሽራ ጉብ አለች።

«ትሰምጣለች» አለች ትዋቡ።

ሁሉም አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ስንዴዋ አንዴ ዞር ብላ ሰዉን ያየች መሰለች እንጂ ንቅንቅ አላለችም። አያ ደምለው በጣታቸው ጫን ሲያደርጓት ገባች፣ ገብታም ቀረች። ያን ጊዜ ጣባውን አንሥተው ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጭስ አለው» አሉ። አንገታቸውን ወዝወዝ አደረጉ። «ማር አለው።» ከዚያ ፊታቸው እንደ ቆዳ ተኮማተረ። «ቆይቶ ደግሞ ጌሾው ይራገጣል።» ምላሳቸውን እንደገና አላወሱና ሌላ አራተኛ ጣዕም ያገኙ ይመስል ድንገት ሳል ያዛቸው፤ ስለ እሱ ግን ምንም አላሉም። «በሉ እንግዲህ፣ ስንዴዋ አልታየችም። ጠቡ አልዘቀጠም። ለከርሞ ያድርሰን።»

አንለይ ተነሣ። «የሻረግ፣ አህያዋን ፍቺ» አለ። ወደ ልጁም ሄደ፤ ትንሿ ልጅ ግን የአያቷን ቀሚስ ጨምድዳ አልለቅም አለች። እሱ ሲስብ እሷ ስትጮህ፣ ትዋቡ ከዚያ በላይ አልቻለችም።

«ቁም!» አለች። «ቁም አንተ! ጠቡ ምን አደረገ፣ የኔ አፍንጫ ነው! ጉንፋኑ ከያዘኝ ወዲህ ሽታም ጣዕምም አላውቅም። ጋኑን ያላጠንኩት እየመሰለኝ ደጋግሜ ሳጥነው ጭሱን አበዛሁት። ኩራት ይዞኝ ነው ያልተናገርኩ። በኔ አፍንጫ ልጄ አገር ይልቀቅ?»

ትዋቡ እንዲህ ስትናገር የሰማ ሰው አልነበረም። ቀድማ ያለቀሰችው የሻረግ ናት።

«ጭሱንስ ቀምሼው ነበር እማማ። እርስዎ አይሳሳቱም ብዬ፣ ይታክቱ በተንኮል ያስገባችበት መሰለኝ። እርቁ እንዳይፈርስ ብዬ ማር ጨመርኩበት።»

«እኔ በተንኮል?» አለች ይታክቱ ብድግ ብላ። «እኔማ ስቀምሰው ማር ማር አለኝ። ይቺ ሴት እናቷ አገር መግባት አምሯት ጠላውን አጣፍጣ ልታበላሸው ነው ብዬ፣ ላድነው ብዬ ጌሾ ጨመርኩ።»

«ስንት ጨመርሽ?» አለች ትዋቡ።

«እፍኝ።»

«ይታክቱ።»

«ቀሚሴ የያዘውን ያህል።»

ቢተው ቀና ብሎ «የትኛውን ማር?» አለ።

አንለይም ዘወር ብሎ «ማሬን?» አለ።

«ማርህን? የንቦቼን ማር!»

«የኔ ቀፎ ውስጥ የተሠራውን?»

ውሻዋ ወደ አንዱ አየች፣ ወደ ሌላው አየች፤ ማንም ወደ እሷ አልተናገረም። ግራ ገብቷት ተነሥታ ሄዳ ጥላ ስር ተኛች። ያን ጊዜ ነው ሰዉ ወንድማማቾቹ ፊት ለፊት እየተነጋገሩ መሆኑን ያወቀ። ትዋቡም ይህን አየች፣ ግን ዝም ብላ አላለፈቻቸውም።

«እናንተስ? እነዚያ እርጥብ ዱላዎች?»

ቢተው መሬት መሬት አየ። «እኔ ምንም አልጨመርኩም። መዝቀጡን ብቻ ነው ያየሁት።»

«በምን አየኸው?»

«በዱላ። ጋኑ ውስጥ ጨለማ ነው፣ ምን ይታያል? እስከ ስሩ ሰድጄ፣ አተላው መተኛቱን ለማወቅ ዞር ዞር አደረግኩት።»

«አንተ ነሃ!» አለ አንለይ። «እኔ በየማለዳው እየመጣሁ አልዘቅጥ ያለው ለምንድን ነው እላለሁ!»

«አንተስ በምን አየኸው?» አለ ቢተው።

«በ… ዱላ።»

ትዋቡ ራሷን ያዘች። «አተላ መዝቀጡን በዱላ ማየት ማን አስተማራችሁ?»

«ጓዳ እንዳንገባ ከልክለሽን አንቺ፣ ከየት እንማር?» አለ አንለይ። ያን ጊዜ አንድ ነገር የትዋቡ ልብ ውስጥ ገባ። አህያ ጭኛለሁ ያለው ልጇ በየማለዳው ተደብቆ እየመጣ ጠላው ይጥራልኝ ሲል ኖሯል።

አያ ደምለው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ይህ ትውልድ…» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ፣ ይታክቱ ቀና አለች።

«አያ ደምለው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባለፈው ሐሙስ ከጓዳው ሲወጡ አይቼዎታለሁ። ጢምዎ ላይ ጌሾ ነበረ።»

«ሽማግሌ ጠላውን ይመረምራል!»

«በቅል ነው የመረመሩት?»

ሽማግሌው ሰዉን አዩት፣ ሰማዩንም አዩት፣ የሚረዳቸው ጠፋ። «ሁለት ቅል ብትሆን ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጎድሎ እንዳይታወቅብኝ በውሃ ተካሁት።»

«ከየት ቀድተው?» አለች ትዋቡ።

«ቅርብ ከነበረው።»

ለጓዳው በር ቅርብ የነበረው ደግሞ የበሬዎቹ ገንዳ ነው። አጠገባቸው ሆኖ ከጣባው ቀመስ ያደረገ ሌላ ሽማግሌ ተነሥቶ ወደ አጥሩ ሲሮጥ፣ መጀመሪያ ሳቁ ያመለጠው አንለይ ነው ይባላል። ሆዱን ይዞ ሲንገዳገድ ከወንድሙ ትከሻ ጋር ተጋጨ፤ ቢተውም አልገፋውም፣ እሱም ይስቅ ነበርና ደግፎ ያዘው።

ብቻ አያ ደምለው ተዋረድኩ ብለው ይሁን ምን፣ «ሳቁ ሳቅ ነው፣ ሕግ ግን ሕግ ነው፤ ስንዴዋ አልታየችም» አሉ። ሳቁ ቀጥ አለ። አንለይም እጁን ከወንድሙ ትከሻ ላይ አወረደ።

ትዋቡ ጣባውን አነሣች። «ስንዴዋ የት ናት አያ ደምለው?»

«ከስር ናት።»

«ሕጉ ሳይጠጣ ትታይ ይላል ወይስ ትታይ ብቻ?»

ሽማግሌው ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ። «ትታይ ብቻ ይላል» አሉ።

«እንግዲያው ጠጡና ትታይ» አለችና ጣባውን ለሁለቱ ልጆቿ አስጨበጠቻቸው።

ሲጠጡ ያየ ሰው እስኪሞት አልረሳውም ይላሉ። ቢተው ይጎነጭና «ጭስ!» ይላል፣ አንለይ ይቀበልና «ጌሾ!» ይላል፣ ቢተው መልሶ ይቀበልና «በሬ!» ይላል፤ ዓይናቸው እያነባ፣ ጣባዋን እንደ ሕፃን እየተቀባበሉ አተላዋ ድረስ ጨረሷት። አተላውንም በጣታቸው ፈለጉት። ስንዴ የለችም።

«ዋጥካት!» አለ ቢተው።

«አንተ ነህ የዋጥካት!»

«አፍህን ክፈት!»

አንለይ አፉን ከፈተ። ቢተው የወንድሙን አገጭ ይዞ ወደ ፀሐይ አዙሮ ጥርሱን አንድ በአንድ አየ፤ ልጅ ሳሉ የወላለቀች ጥርሱን እንደሚያይለት ዓይነት። አፉ ውስጥ የለችም። ድንገት ግን ጣቱን ሰዶ ከአንለይ ሪዝ ላይ አንዲት በአተላ የተለወሰች ፍሬ ለቀመ፤ ወደ ላይም አነሣት።

«ታየች!» አሉ አያ ደምለው፣ ከሁሉ በላይ ጮኸው። ሴቶቹም እልልታውን አቀለጡት። የሻረግ ማንም ሳያዛት ሄዳ የአህያዋን ጭነት ፈታች፤ ይታክቱ በሌላኛው ጎን ሆና ገመዱን ያዘችላት።

ጋኑ ግን ማርና ብቅል ተደባልቆበት ስለነበር መፍላቱን አልተወም፤ ያን ዕለት ማታውን ከጎኑ ተሰነጠቀና አተላው ከጓዳው ወጥቶ በሁለቱ ወንድማማቾች ቤቶች መካከል ፈሰሰ። በአካፋ ሰብስበው ከመሩት፣ ጋኑንም ላዩ ላይ ደፉበት። ከአተላው የበሉት በሬዎች በወንድማማቾቹ ድንበር ላይ ተዘርረው ተኙና የትኛው የማን እንደሆነ እስኪነሡ ድረስ አልታወቀም ይባላል።

ንቦቹ በሚቀጥለው ጽጌ ከአንለይም ቀፎ ነቅለው ወጡና የቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ላይ ሰፈሩ፤ ማንም ስማቸውን አልጠራቸውም፣ ሰሙ ለጧፍ ሆነ። አያ ደምለው እስኪሞቱ ዳኛ ነበሩ፣ ጓዳ ግን አልገቡም። የሻረግና ይታክቱ ጋናቸውን አንድ አድርገው አብረው ጠመቁ፤ «እጁን ያገባ ይናገር» ብሎ መጠየቅንም በየድግሱ የጀመሩት እነሱ ናቸው። አንለይ ቆላ ወረደ፣ ግን አማቱን ጠይቆ ተመለሰ። ቢተው ከእሱ ቀድሞ ሞተና አንለይ ራሱን ተላጭቶ አለቀሰው። የውሻዋ አንገት አልተቃናም። የትዋቡም አፍንጫ አልተመለሰ፤ እሷ ግን መጥመቋን አልተወችም፣ የምትቀምስላት ያቺ ከጀርባዋ የምትተኛ ልጅ ሆነች። ትዋቡ በእርጅናዋ፣ በቤቷ፣ ልጆቿ ግራና ቀኝ ሆነው ሳሉ አረፈች። ጉብታዋ ያው ናት፤ ነገ ጉሙ ሲገለጥ ከደጃፉ ላይ ሆናችሁ ታዩዋታላችሁ።